ምዕራፍ አራት፦ ዘር ራሱን ሲጠብቅ

ጎጃም ውስጥ ግብጦ የሚበላ ቤተሰብ ሥራውን የሚጀምረው ፍሬው አፍ ከመድረሱ ብዙ ቀን አስቀድሞ ነው። ግብጦው ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ጆንያው አፉ ታስሮ ወራጅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ጎርፍ እንዳይወስደውም ድንጋይ ይጫንበታል። ወንዙ ሌት ተቀን ሲያጥበው ይሰነብታል። ከዚያ አንዱ ይወርድና ሁለት ሦስት ፍሬ አውጥቶ ያኝካል። ከመረረው ጆንያውን መልሶ ያስራል። ምሬቱ ከለቀቀ ግብጦው ተልጦ፣ ጨው ነካ ተደርጎበት ለመክሰስም ለመጠጥ ማጣጫም ይቀርባል።

ያን ምሬት የሚሰጡት አልካሎይድ የሚባሉ ውህዶች ናቸው፤ ከእነሱም ዋናው ሉፓኒን ይባላል። ግብጦን ሳያጥብ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ብዥ ይልበታል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ራሱን ያዞረዋል። ደግነቱ ሉፓኒን ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ሌላው ደግነቱ መምረሩ ነው፤ መርዙ እስካለ ድረስ ምላስ ያውቀዋል። ወንዝ ዳር ቆሞ ፍሬውን የሚያኝከው ሰው ላቦራቶሪ የሚሠራውን ምርመራ እየሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው።

ተክል አይሮጥም። ነቀዝ ሲመጣበት አይሸሽም፣ ፍየል ስትመጣበት አይዋጋም። ከአካሉ ሁሉ ደግሞ በጣም የሚፈለገው ዘሩ ነው። ጥራጥሬ ለቡቃያው ስንቅ እንዲሆን ያከማቸው ፕሮቲን ለነቀዙም፣ ለአይጡም፣ ለሰውም ያው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ተክሉ ስንቁን በኬሚካል ያጥረዋል። አንዱ ዘር ይመራል፣ አንዱ የበላተኛውን አንጀት ያውካል፣ አንዱ ነርቭ ያጠቃል። ሰው በበኩሉ መዘፍዘፍን፣ መቁላትን፣ መከካትን፣ ማቡካትንና መቀቀልን የተማረው በአመዛኙ ይህን አጥር ለማፍረስ ነው።

የጾም ማዕዳችን ከሽሮ፣ ከክክ፣ ከምስርና ከባቄላ ስለማይወጣ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከእነዚህ ውህዶች ጋር ስንገናኝ እንከርማለን። ስለ ምግብ የሚጽፉ ብዙዎች እያንዳንዱን እህል ወይ መድኃኒት ወይ መርዝ ብለው መድበው ያልፋሉ። እኔ እንዲህ ያለ ዝርዝር አላዘጋጅም፤ ሰውን ይጎዳልም ብዬ አምናለሁ። አንድ ውህድ የሚያመጣው ጥቅምና ጉዳት የሚታወቀው እህሉ እንዴት እንደተዘጋጀ፣ ከምን ጋር እንደተበላና ማን እንደበላው ሲታይ ነው። ይህን ከሁሉም አጉልቶ የሚያሳየው ጓያ ነው። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ቀለል የሚሉትን እንይ።

ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለው። ሌክቲን የአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያውካል። ጥሬውን ወይም በደንብ ያልበሰለውን አራት አምስት ፍሬ ብቻ የበላ ሰው እንኳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በኃይል ሊያስመልሰው፣ ሆዱን ሊቆርጠውና ሊያስቀምጠው ይችላል። ይህ መርዝ እሳት አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ቦሎቄን ቢያንስ 12 ሰዓት መዘፍዘፍን፣ ከዚያም ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንተከተከ መቀቀልን ይመክራል። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ውኃ መጣድም ይገባል። አደጋው ያለው ለብታ ላይ ነው። ሳይፈላ ለረጅም ሰዓት ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬ ቦሎቄ ጨምሮ ወደ ሥራ መሄድ በውጭ አገር የተለመደ ነው። ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ከቆየ መርዙ ከጥሬው ሊብስ ስለሚችል፣ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች መጀመሪያ ምድጃ ላይ አፍሉት። ለደጋ ሰውም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 10 ደቂቃ የተባለው ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነውና እዚህ ቦሎቄው ጣት ላይ ተጨፍልቆ እስኪፈርስ መቀቀል አለበት።

በሁሉም ጥራጥሬና እህል ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። መርዝ ልንለው አይገባም። ተክሉ ፎስፈረስ የሚያስቀምጥበት ጎተራው ነው፤ ችግሩ ብረትና ዚንክን አጥብቆ ይዞ አንጀት እንዳይወስዳቸው ማድረጉ ላይ ነው። ጤፍና ምስር በብረት የበለጸጉ ናቸው እየተባለ የደም ማነስ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሳህኑ ላይ ያለው ብረትና ደም ውስጥ የሚገባው ብረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እርሾ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሊጡ ቦክቶ ሲሰነብት የሚጨምረው አሲድ ፋይቴትን የሚበጣጥሰውን ኢንዛይም ያነቃዋል፤ በደንብ የቦካ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረው ይልቅ ብረቱን በቀላሉ ይለቃል። ቫይታሚን ሲም ብረቱ በቀላሉ እንዲገባ ያግዛል። ነገር ግን ይህ ቫይታሚን ረጅም እሳት ስለማይወድ ከወጡ ጋር ሲንተከተክ ከቆየው ቲማቲም ይልቅ ሽሮው ጎን የተቀመጠው ጥሬ ቃሪያና ምስሩ ላይ የተጨመቀው ሎሚ የበለጠ ይሠራሉ።

ከምሳ በኋላ ስለሚፈላው ቡናም መናገር አለብኝ፤ የምወደውን ነገር ስለምነካ ግን በጥንቃቄ። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ለልብና ለደም ሥር ይጠቅማሉ እየተባለ ብዙ ይወራላቸዋል። እነዚሁ ውህዶች ግን ብረት ያስራሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ አንድ ጥናት ከሥጋ ምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና የጠጡ ሰዎች ከምግቡ ያገኙት ብረት በ39 በመቶ ቀነሰ። ሻይ ሲሆን ደግሞ ቅነሳው 64 በመቶ ደረሰ። ትልቁ ቁም ነገር ሰዓቱ ላይ ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ብረቱን አልነካውም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀነሰው። የእኛ ልማድ ደግሞ ምሳ እንዳበቃ ጀበና መጣድ ነው፤ አቦል ሲቀዳ ምስሩ ገና አንጀት አልደረሰም። ጤነኛና በደንብ የሚበላ ሰው ይህን ያህል አይጨነቅ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ልጅና የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ቡናውን ከምግብ በፊት ቢያደርጉት ወይም ብዙ ዘግየት ቢያደርጉት፣ ቡናቸውንም አይተዉም ብረታቸውንም አያጡም።

ባቄላ ሲመጣ የጥያቄው መልስ ከማዕድ ቤት ይወጣና ወደ በላተኛው ይዞራል። ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉት የባቄላ ውህዶች አንጀት ውስጥ ሲፈርሱ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያጠቁ ነገሮች ይወጣቸዋል። የአብዛኛው ሰው የደም ሕዋስ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ስላለው ጥቃቱን ይመክታል። ይህ ኢንዛይም በዘር ያነሳቸው ግን በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አሉ። ጉድለቱ ያለበት ልጅ እሸት ባቄላ በበላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓይኑ ቢጫ ሊሆን፣ ሽንቱ ሊጠቁር፣ አቅም ሊያንሰው ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረ ሊሞትም ይችላል። ሳርዲንያ፣ ግሪክ፣ ግብፅና ኢራቅ ይህን በደንብ ያውቁታል። እስራኤል ውስጥም ከኩርዲስታን የመጡ አይሁድ ዘንድ ጉድለቱ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሄዱት ዘንድ ዝቅተኛ ነው። በእኛ ደጋማ አካባቢዎችም ጉድለቱ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ይገኛል፤ እሸት ባቄላ ያለ ሥጋት የምንበላውም ስለዚህ ነው። ወባ ከበዛባቸው አንዳንድ ቆላማ አካባቢዎች ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ጉድለቱ ከከባድ ወባ ስለሚከላከል እዚያ ከትውልድ ትውልድ ቆይቷል። ለወባ የሚሰጠው ፕሪማኩዊንም ያንኑ ጉዳት ሊያመጣ ይችላልና ባቄላ በልቶ ሽንቱ የጠቆረ ሰው መድኃኒት ሲታዘዝለት ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

አሁን ወደ ጓያ።

ጓያ እንደ ግብጦ አይመርም፣ እንደ ቦሎቄ አያስመልስም። ሽሮው ይጣፍጣል፣ ክኩ በቶሎ ይበስላል። ዋልካ መሬት ላይ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ውኃ ቢተኛበትም ዝናብ ቀድሞ ቢያቋርጥበትም ይችላል። ጤፍና ስንዴ በከሸፉበት ዓመት ጓያ ያፈራል፤ ከክብደቱም ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። በደምቢያ፣ በፎገራ፣ በወሎና በሸዋ የሚኖር ገበሬ አጥብቆ ቢይዘው አይፈረድበትም።

በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የህንድ ተመራማሪዎች ለይተው አወጡት። መጠኑ ከፍሬው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ቅርጹ ነርቮቻችን መልእክት ከሚለዋወጡበት ከግሉታሜት ጋር ስለሚመሳሰል የነርቭ ሕዋስ ላይ ግሉታሜት የሚያርፍበት ቦታ ይገባል። ሕዋሱ ከልክ በላይ ይቀሰቀሳል፤ ቅስቀሳው ካልቆመም ይሞታል። በዚህ መንገድ የሚጎዱት እግርን የሚያዙት፣ ከአንጎል ተነስተው አከርካሪን ተከትለው የሚወርዱት ረጃጅም ነርቮች ናቸው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ በድንገት ይጀምራል። ማታ ደህና የተኛ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ወጣት ሲነሳ ባቱ ተወጥሮ፣ እግሩ ከብዶ ያገኘዋል። ተረከዙ መሬት አልነካ ይለዋል፤ በጣቶቹ ይራመዳል፤ ጉልበቶቹ ይፋተጋሉ፤ እግሮቹ ይጠላለፋሉ። ሐኪሞች ደረጃውን የሚለኩት በዱላ ነው፤ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ፣ መጨረሻ ላይ የሚዳኽ። አእምሮው አይነካም፤ የሚነካውንና የሚቆነጥጠውን ያውቃል፤ እጁም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። መድኃኒት የለውም። ጓያውን ቢተው ሕመሙ ባለበት ይቆማል፤ የሞተው ነርቭ ግን አይመለስም። ከሴት ይልቅ ወንድ፣ ከሽማግሌ ይልቅ ወጣት ይበዛበታል። ስለዚህ አንድ ቤት በዚህ ሕመም የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ አራሹን ነው። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው፤ ሰውየው የተመታው እህል በመብላቱ ነው፤ ለዚያውም ሌላ እህል ስላልነበረው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከ1,000 ሰው 6ቱ በዚህ ሕመም መያዛቸውን አሳይተዋል። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በወሎ፣ ደላንታና ዳውንት ላይ ሕመሙ እንደ ወረርሽኝ ተነሳ። በዚያው በጓያ ምድር ግን ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ጓያ እየበላ ምንም ሳይሆን ያረጃል። ምርመራው መልስ መስጠት የነበረበት ለዚህ ልዩነት ነው።

በአንዳንድ አካባቢ ሕመሙን የሚያመጣው ጓያው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ይባላል። ይህ እምነት ጉዳት አለው፤ ከእንፋሎቱ የሸሸ ሰው ተረጋግቶ ቆሎውን ይበላል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና አብረዋቸው የሠሩ ተመራማሪዎች ወረርሽኙ ያለፈበትን አካባቢ ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ግኝት ግን ጣቱን የቀሰረው ወደ አበላሉ ነው። ጓያን ቆልቶ፣ ቀቅሎ ወይም እሸቱን በጥሬው መብላት ለሕመሙ ያጋልጣል። የቦካ እንጀራ፣ ቂጣና ወጥ ሆኖ ሲበላ ያን ያህል አደጋ አልታየበትም። ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ የተበላ፣ ወይም ቅመም በገባበት ወጥ የተበላ ጓያ ደግሞ አደጋው ጎልቶ ይቀንሳል።

ምክንያቱ የሚከተለው ሳይሆን አይቀርም። የጓያ ፕሮቲን ሜቲዮኒንና ሲስቲን የሚባሉት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያንሱታል። ሰውነት ነርቭን ከእንዲህ ዓይነት ጥቃት የሚከላከልበትን ግሉታታዮን የሚሠራው ከእነዚህ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ ይህን ጉድለት ይሞላሉ። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉም የበኩላቸውን ይጨምራሉ። ሽሮው በጤፍ እንጀራ ሲበላ ጓያው ብቻውን አይደለም። ቆሎውና ንፍሮው ግን እየተዘገነ ለብቻው የሚበላ ነው፤ በረሃብ ዓመት ደግሞ ጠዋትም ማታም እሱው ይሆናል። ከዕለት ምግብ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ እግር መያዝ ይጀምራል።

ይኸው ነገር ከእኛ አገር ውጭም በጭካኔ ታይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ዛሬ ዩክሬን ባለችው ቫፕኒያርካ በሩማንያ ሥር የነበረ ካምፕ ለአይሁድ እስረኞች በየቀኑ 400 ግራም የተቀቀለ ጓያና 200 ግራም የገብስ ዳቦ ይሰጥ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞሉ ወጣቶቹ ይሽመደመዱ ጀመር። አብሯቸው የታሰረው ዶክተር አርተር ኬስለር ጥፋተኛው ጓያው መሆኑን ለየ፤ እስረኞቹም መብላቱን እንቢ አሉ። የብዙዎቹ እግር ግን ላይመለስ ተጎድቶ ነበር። ከጦርነቱ የተረፉት ወደ እስራኤል ሲሄዱ ኬስለርም እዚያ ሄዶ ለብዙ ዓመታት ተከታተላቸው።

ከተማ ውስጥ በሳምንት አንዴ ሁለቴ የጓያ ሽሮ በእንጀራ የምትበሉ ሰዎች ይህን ስታነቡ አትደንግጡ፤ እንዲህ ያለ አበላል አደጋ የለውም። ጓያ ከጎተራው የማይጠፋ ቤት ግን ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። ፍሬውን በብዙ ሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ቀላል የማይባል ኦዳፕ ያወጣል። ከደፋ በኋላ መድገም ይበልጥ ይጠቅማል፤ ዱቄቱን ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር ደባልቆ ማቡካትም እንዲሁ። እሸቱንና ቆሎውን ደግሞ እረኛ ልጆች ምሳቸው እንዳያደርጉት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱም ኦዳፕን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የነዳጅና የውኃ እጥረት ባለበት፣ በተለይ ድርቅ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ ዘፍዝፎ መድፋት ለአንዲት እናት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህን ምክር ሰጥቶ እጁን የሚያጥበው።

ተመራማሪዎች ኦዳፕ ያነሰው ዘር ማዳቀል ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ሥራው አለ። የሚያስቸግረው ኦዳፕ በዘር ብቻ የማይወሰን መሆኑ ነው። ተክሉን ድርቅ ሲመታው፣ ወይም ዚንክ ባነሰው አፈር ላይ ሲበቅል መጠኑ ይጨምራል። ሌላው እህል ከሽፎ ሰው ጓያ ላይ በሚወድቅበት ዓመት ጓያው ራሱ መርዙ ከፍ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ የጓያ አገር የሆኑ ወረዳዎች ዝናብ ቀድሞ ባቋረጠባቸው ዓመት እህል የሚደርስበት ወር ከሚደርሰው ብዛት እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ጓያ ብቻውን ማዕድ ላይ ከቀረ ሁለት ወር ሳይሞላው ወደ አንድ ቤት የገባ ስንዴ ወይም በቆሎ፣ ጓያውን ጨርሶ ባይተካው እንኳ፣ አብሮት ተፈጭቶና ተቀላቅሎ ሲበላ አደጋውን ይቀንሳል። በአምስተኛው ወር የደረሰው ስንዴ ግን እግሩ የተያዘውን ሰው አይመልሰውም።